ለቁርጥማት የተዋጠው ቆዳ ላይ ሲወጣ

የመገጣጠሚያ ብግነት መድኃኒቶች የሚያስከትሉት ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። አልፎ አልፎ ግን ሕይወት ይቀጥፋል። ልዩነቱን ማወቅ ለሐኪም ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም።

የመድኃኒት መስጫው መስኮት ገና አልተከፈተም፤ ወረፋው ግን ኮሪደሩን ሞልቶ ደረጃው ላይ ደርሷል። ከአዲስ አበባ ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ክትትል በሚሰጥበት ቀን እዚህ የሚቆመው አብዛኛው ሰው ሴት ነው። ነጠላቸውን የተከናነቡ፣ ካርዳቸውንና የላብራቶሪ ወረቀታቸውን በፌስታል የጠቀለሉ እናቶች አሉ። ከክፍለ ሀገር መጥተው ዘመድ ቤት ያደሩም አሉ። ፌስታሉን የያዘውን እጅ ልብ ብሎ ላየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያሻውም፤ የጣቶቹ አንጓዎች አብጠዋል፣ የአንዳንዶቹም ጣቶች ወደ ትንሿ ጣት ዘመም ብለዋል።

ወረፋው ላይ የሚወራው ስለ መድኃኒት ነው። «እኔን ሽፍ ብሎ ወጣብኝና ተውኩት» አለች በአርባዎቹ ዕድሜ የምትገኝ እንጀራ ጋጋሪ። የነጠላዋን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ክንዷ ላይ የቀሩትን ጠቆር ያሉ ነጥቦች አሳየች። ከኋላዋ የቆሙት እናት ጎንበስ ብለው አዩና «የትኛው ነው ልጄ? ቢጫው?» ብለው ጠየቁ። ቢጫውን እሳቸውም ይወስዳሉ። ፊታቸው ላይ የመጣውን ስጋት ያየ፣ እሳቸውም ያን ቀን የተሰጣቸውን ክኒን ቤት ወስደው ሳይውጡት ሊያስቀምጡት እንደሚችሉ ይገምታል።

መስኮቱ ሲከፈት ፋርማሲስቷ ትንንሽ ቢጫ ክኒኖችን ቆጥራ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ትጨምርና በእስክሪብቶ ትጽፍበታለች፦ «በሳምንት አንድ ቀን ብቻ»። ከሥሩ ሁለቴ ታሰምርበታለች። «ቀኑን እርስዎ ይምረጡ እናቴ፤ የማይረሱትን ቀን።» አንዷ እሑድን ትመርጣለች፣ ከቅዳሴ መልስ። ሌላዋ ዓርብን፣ ከጁምዓ በኋላ። መድኃኒቱ ሜቶትሬክሴት ነው። ስለ አወሳሰዱ በደንብ ተነገራቸው። ቆዳቸው ላይ አንድ ነገር ቢወጣ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግን በዚያ ጥድፊያ ውስጥ የነገራቸው የለም። ወረፋው ረጅም ነው፣ ባለሙያዋ አንድ ናት። እሷን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ክፍተቱን አለማየት ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

## ቁርጥማት ሁሉ አንድ አይደለም

በአገራችን የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ቁርጥማት ወይም ሪህ ይባላል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ግን ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ብርድ አያመጣውም፤ የእርጅና ጣጣም አይደለም፤ በሠላሳና በአርባ ዓመታቸው የሚይዛቸው ብዙዎች ናቸው። የሰውነት የመከላከል አቅም የመገጣጠሚያን ውስጠኛ ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ውሎ አድሮም አጥንቱን ይቦረቡራል። ሴቶችን ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ያህል ይይዛል።

በጣም የሚታወቀው ጠዋት ነው። ከእንቅልፍ ሲነሱ እጅ አልታጠፍ ይላል፤ ድርቀቱ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ቁልፍ መቆለፍ፣ ልብስ መጭመቅ፣ ሊጥ ማቡካት ፈተና ይሆናል።

አንዴ የተቦረቦረ አጥንት አይመለስም። ስለዚህ ሕመሙን ማስታገስ ብቻውን ሕክምና አይባልም። ሐኪሞች የሚጣደፉት የበሽታውን አካሄድ የሚገቱትን መድኃኒቶች በጊዜ ለማስጀመር ነው፤ ሜቶትሬክሴትን፣ ሰልፋሳላዚንን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ወይም ክሎሮኪንን፣ ሌፍሉኖማይድን። እነዚህ መድኃኒቶች ውጤታቸው እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሽፍታው ከመጣ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ጥቅሙ ገና ሳይታይ ነው። ታማሚዋ እጇ እንደታመመ፣ በላዩ ላይ ቆዳዋ ሲያሳክካት መድኃኒቱን ብትጠላው ምን ይፈረድባታል?

> ሽፍታው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ጥቅሙ ገና ሳይታይ ነው።

## ከወርቅ መርፌ እስከ ወባ ክኒን

የዚህ በሽታ መድኃኒቶች ታሪክ ከቆዳ ጋር የተጋመደ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣክ ፎሬስቲየ በ1929 የወርቅ ጨው መርፌ ለመገጣጠሚያ ብግነት እንደሚረዳ አስታወቀ። መነሻው በሽታው ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ዝምድና አለው የሚል የተሳሳተ ግምት ነበር። መድኃኒቱ ግን ለብዙዎች ሠራ፤ ለአሥርት ዓመታትም ዋናው ሕክምና ሆኖ ቆየ። ሰዎች በብዛት ያቋርጡት የነበረው በሚያሳክክ ሽፍታ የተነሳ ነበር።

ሰልፋሳላዚንን በ1930ዎቹ መጨረሻ ያመጣችው ስዊድናዊቷ ፕሮፌሰር ናና ስቫርትዝ ናት። የዚያን ዘመን አዲሱን ፀረ ባክቴሪያ ሰልፋን፣ ከአስፒሪን ቤተሰብ ከሆነው ሳሊሲሌት ጋር በአንድ ክኒን ማጣመር ፈለገች። የሰልፋ ወገን መሆኑ ዛሬም ዋጋ ያለው እውነት ነው፤ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የወባ ክኒኑ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ደሴቶች የዘመቱ ወታደሮች ወባን ለመከላከል አታብሪን የሚባል ክኒን ይውጡ ነበር። ከመካከላቸው የቆዳና የመገጣጠሚያ ሕመም የነበረባቸው አንዳንዶቹ ሕመሙ እየለቀቃቸው መጣ። ሌሎቹ ደግሞ በዚያው ክኒን የተነሳ ጠንካራ ሐምራዊ ሽፍታ ወጣባቸው። አንዱን ያዳነ ሌላውን አሳመመ። ክሎሮኪንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ወደ መገጣጠሚያ ሕክምና የገቡት በዚህ መንገድ ነው፤ ሃይድሮክሲክሎሮኪን በአሜሪካ የተፈቀደው በ1955 ነበር።

ሜቶትሬክሴትስ? የቅርብ ዘመዱ የሆነውን አሚኖፕቴሪንን ሲድኒ ፋርበር በቦስተን የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት ሰጥቶ ውጤቱን በ1948 ይፋ አደረገ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሜቶትሬክሴትን ለሩማቶይድ አርትራይተስ የፈቀደው ግን በ1988 ነው። «የካንሰር መድኃኒት ነው የሰጡኝ» ብለው የሚደነግጡ ታማሚዎች ከፊሉን እውነት ይዘዋል። ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው ግን ለካንሰር ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ መጠን ነው፤ የሚወሰደውም በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

## በመስኮቱ ብርሃን

የቆዳ ሐኪሟ ክፍል ጠባብ ናት፤ ወንበሩ ግን መስኮቱ ሥር ነው። «መብራቱ ያታልላል» ትላለች፤ ታማሚዋን ወደ ቀን ብርሃን ታዞራለች። ዛሬ የተቀመጡት ሰልፋሳላዚን ከጀመሩ ሁለት ሳምንት ያልሞላቸው እናት ናቸው። ሽፍታው ደረታቸው ላይ ጀምሮ ወደ ክንዳቸው ወርዷል።

ሐኪሟ መጀመሪያ አትነካም፣ ታያለች። ደረትን፣ ጀርባን፣ ሆድን፣ ከዚያ የእጅና የእግር መዳፍን። ቀጥሎ የእጇን ጀርባ አሳርፋ ሙቀቱን ታነጻጽራለች፤ ሽፍታ ያለበትን ቦታ ከሌለበት። ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት አውጥታ አንዱ ነጥብ ላይ ጫን ታደርጋለች። ነጥቡ ከደበዘዘ ደሙ ያለው በተለጠጠው የደም ሥር ውስጥ ነው። ካልደበዘዘ ደሙ ከሥሩ ወጥቶ ቆዳ ውስጥ ፈሷል ማለት ነው፤ ያኔ የደም ሥር ብግነት ይጠረጠራል፣ ምርመራውም ሌላ መንገድ ይይዛል። የሴትየዋ ደበዘዘ።

«አፍዎን ይክፈቱልኝ፣ እናቴ።» በባትሪ ላንቃውን፣ ጉንጩን፣ የምላሱን ሥር አየች። የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጋ ተመለከተች። «ሽንት ሲሸኑ ያቃጥልዎታል? ትኩሳት ነበረዎት? ፊትዎ አብጦ ነበር?» ሁሉንም «የለም» አሏት። አንገታቸውንና ብብታቸውን ዳሰሰች፤ ያበጠ እጢ የለም። በመጨረሻም ከሽፍታው አጠገብ ያለውን ቆዳ በጣቷ ቀስ ብላ ወደ ጎን ገፋችው። አልተላጠም።

ከዚያ «ፌስታሉን እንየው» አለች። ይህን ጊዜ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ከፌስታሉ የሆስፒታሉ ክኒን ብቻ አይወጣም። ከሰፈር መድኃኒት ቤት የተገዛ ዳይክሎፌናክ አለ፤ ለጉንፋን ተብሎ የተሰጠ አንቲባዮቲክ አለ፤ ጎረቤት ያመጣችው ቅባት አለ፤ በውኃ ኮዳ የተሞላ የቅጠል መድኃኒትም አለ። ሐኪሟ ወረቀት ላይ መስመር አስምራ እያንዳንዱ የተጀመረበትን ቀን ትጽፋለች። «ከደም ምርመራ ይልቅ የሚረዳኝ ይሄ ነው» ትላለች።

ጊዜው ብዙ ይናገራል። ከዋጡ በኋላ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ቦታ እየቀያየረ የሚያብጥ ሽፍታ አንድ ዓይነት አለርጂ ነው። የተለመደው የመድኃኒት ሽፍታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል። ትኩሳት፣ የፊት እብጠትና የእጢ ማበጥን ይዞ ጉበትን ጭምር የሚነካው ከባዱ ዓይነት ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት «ወር ሙሉ ስወስደው ምንም አልሆንኩም፤ ስለዚህ እሱ አይደለም» ማለት አያዋጣም።

ሐኪሟ ስለ ቆዳ ቀለም ስትናገር ድምጿ ይበረታል። የሕክምና መጻሕፍት ሽፍታን «ቀይ» እያሉ ይገልጹታል፤ ፎቶዎቹም በአብዛኛው የነጭ ሰው ቆዳ ናቸው። በእኛ ቆዳ ላይ ያው ብግነት ሐምራዊ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም አመዳም ሆኖ ነው የሚታየው። አንዳንዴ ከመታየቱ ይልቅ በመዳሰስ ይታወቃል፤ ይሻክራል፣ ይሞቃል። ለንደን ውስጥ የሕክምና ተማሪ የነበረው ትውልደ ዚምባብዌው ማሎን ሙክዌንዴ በ2020 ከመምህራኑ ጋር የበሽታ ምልክቶችን በጥቁር ቆዳ ላይ የሚያሳይ መጽሐፍ ያዘጋጀው ይህ ክፍተት ስላሳሰበው ነው።

> በእኛ ቆዳ ላይ ብግነት ቀይ ሆኖ አይጠብቀንም።

ሌላም አለ። ሽፍታው ከለቀቀ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ለወራት ይቆያል። እንጀራ ጋጋሪዋ ወረፋው ላይ ያሳየቻቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው። ምልክቱ መድኃኒቱ ዛሬም እየጎዳ መሆኑን አያሳይም። ብዙ ሴቶች ግን ለማጥፋት ሲሉ ኃይለኛ የስቴሮይድ ክሬም ገዝተው ይቀባሉ፤ ክሬሙም ቆዳውን አሳስቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

## ከእያንዳንዱ ምን ይጠበቃል?

ሰልፋሳላዚን የሰልፋ ወገን ነው ብያለሁ። ባክትሪም በሚል ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው ኮትሪሞክሳዞል ሰውነቱን ያሳበጠበት ወይም ያላጠበት ሰው ይህን ክኒን ከመጀመሩ በፊት መናገር አለበት። ባይጠየቅም እንኳ ይናገር። ሽንትን ብርቱካናማ ማድረጉ ግን ጉዳት የለውም፤ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ደም መስሎት ይደነግጣል።

ክሎሮኪንን በወባማ አካባቢ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ከዋጡት በኋላ በሰዓታት ውስጥ መዳፍን፣ እግርን፣ ጭንቅላትን የሚያስለቅስ ማሳከክ ይመጣል፤ ቆዳው ላይ ግን ምንም አይታይም። ይህ ማሳከክ በአፍሪካውያን ዘንድ በብዛት የሚታይና በጥናት የታወቀ ነው፤ የተለመዱት የአለርጂ ክኒኖችም ብዙ አይረዱትም። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ ቅልጥምን፣ ላንቃን፣ ፊትን ሰማያዊ ግራጫ ሊያደርግ ይችላል። ማድያት ነው ተብሎ ይታለፋል። ቀለሙ አደገኛ ባይሆንም መነገር አለበት፤ መድኃኒቱ ለዓመታት ሲወሰድ የዓይን ክትትል የሚያስፈልገው መሆኑም እንዲሁ።

ሌፍሉኖማይድ ሽፍታና የፀጉር መሳሳት ያመጣል። ልዩ የሚያደርገው ከተተወ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ዓመት ሰውነት ውስጥ መቆየቱ ነው። ስለዚህ ከባድ ሽፍታ ሲመጣ ማቆም ብቻ አይበቃም፤ ሐኪሙ ከሰውነት የሚያወጣ ሌላ መድኃኒት ይሰጣል።

በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በቴል አቪቭ የሚኖሩ ወገኖቻችን በአገር ቤት ብዙም የማይገኙትን እንደ አዳሊሙማብ ያሉ መርፌዎች ራሳቸው ይወጋሉ። የተወጉበት ቦታ ለቀናት ማሳከኩና ማበጡ የተለመደ ነው፤ ከጊዜ ጋርም እየቀነሰ ይሄዳል። ግር የሚያሰኘው ግን እነዚህ መርፌዎች ሶርያሲስ የሚባለውን የቆዳ በሽታ የሚያክሙ ሆነው ሳለ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሶርያሲስን የመሰለ ቅርፊታም ሽፍታ ማስነሳታቸው ነው። ያኔ መርፌውን መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል።

## አንድ ሌሊት የማይሰጡት

ታማሚዎችን ማስፈራራት አልወድም። የሚከተለውን ግን አለመጻፍ አልችልም።

በ1922 ኒውዮርክ ውስጥ ስቲቨንስና ጆንሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ትኩሳት፣ የአፍና የዓይን ቁስልና ሽፍታ በአንድ ላይ የያዛቸውን ሁለት ልጆች ሁኔታ ጻፉ። በሽታው ዛሬም በስማቸው ይጠራል። የከፋውን ዓይነት በ1956 የገለጸው ስኮትላንዳዊው የቆዳ ሐኪም አለን ላየል ሲሆን፣ ቆዳው የፈላ ውኃ እንደፈሰሰበት ሰው ይላጣል። ከሰልፋ ቤተሰብ፣ ከሌፍሉኖማይድ፣ እንዲሁም እንደ ፓይሮክሲካም ካሉ የሕመም ማስታገሻዎች ሊመጣ ይችላል። እጅግ ብርቅ ነው። ሲመጣ ግን ዋናው መድን መድኃኒቱን ቶሎ ማቆም ነው፤ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው።

ምልክቱ ከማሳከክ ይልቅ የሚያም ቆዳ ነው። አንሶላ ሲነካው የሚቆጠቁጥ፣ ውኃ የሚቋጥር፣ ሲነካ የሚላጥ ቆዳ። ዓይን ይቀላል፣ ብርሃን ይጠላል። ከንፈርና አፍ ይቆስላል፣ መዋጥ ያስቸግራል፣ ሽንት ያቃጥላል። አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት ይቀድመዋል። ከዚህ ሌላ ፊትና ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ተጭኖ የማይደበዝዝ ጥቁር ሐምራዊ ነጥብ ከበዛ፣ የሽፍታው መንስኤ ነው ተብሎ ከተጠረጠረው መድኃኒት አንድም ክኒን ሳይጨምሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ነገ ይሻለኝ ይሆናል አይባልም።

> ከሚያሳክክ ቆዳ ይልቅ የሚያም ቆዳ ያስፈራል።

## «ምች ነው» የተባለው ቁስል

ሜቶትሬክሴት ለሚወስድ ሰው ከሽፍታ ይልቅ አፍ ብዙ ይናገራል። መድኃኒቱ ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ሥራ ያደናቅፋል። ቶሎ ቶሎ የሚታደሱት የአፍ ውስጥ ቆዳና የደም መፈጠሪያ መቅኔ ቀድመው ይጎዳሉ። ሐኪሞች ፎሊክ አሲድ አብረው የሚያዙት ለዚህ ነው። ብዙዎች ግን ይቺን ተጨማሪ ክኒን እንደ ትርፍ ቆጥረው ይተዋታል።

አፍ ሲቆስል በእኛ ቤት ፍርዱ ፈጣን ነው፤ ምች ነው ይባላል። ዳማከሴ ይታሻል፣ ይሸተታል፣ ይጠጣል። ዳማከሴን የምንወደው ሁላችን ነን። ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው አፉ ሲቆስል ግን ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት፦ ክኒኑን በሳምንት ስንት ቀን ነው የዋጥከው?

ይህን ጥያቄ በአጽንዖት የነገረችኝ ፋርማሲስቷ ናት። በስህተት በየቀኑ የዋጠ ሰው አፉ ይቆስላል፣ ቆዳው ሊቆስልና ሊላጥ ይችላል፣ የደም ሴሎቹ ይወርዳሉ፣ ለሞትም ይዳረጋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው በትክክለኛው መጠን እንኳ ለዚህ ይጋለጣል። ባክትሪምን ከሜቶትሬክሴት ጋር መውሰድም እንዲሁ መቅኔን ይጎዳል፤ ለተቅማጥ ወይም ለሽንት ቧንቧ ተብሎ ከሰፈር መድኃኒት ቤት የሚገዛው ይኸው ባክትሪም ነው። መፍትሔ አለው፤ ሉኮቮሪን የተባለ ማርከሻ በጊዜ ከተሰጠ ያተርፋል። በጊዜ የሚሰጠው ግን ቁስሉ ምች አለመሆኑ ከታወቀ ነው። ከረጢቱ ላይ ሁለቴ የሚሰመርበት መስመር ምክንያቱ ይህ ነው።

## ከመድኃኒቱ ያልሆነው

ሽፍታ ሁሉ በመድኃኒቱ አይሳበብም። በሽታው ራሱ በክርንና በጣት ላይ ጠጣር እብጠት ያወጣል፤ ለዓመታት ከቆየና ካልታከመም የቆዳ ደም ሥሮችን ያቆስላል። እከክ ማንንም ይይዛል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ሌሊት ሌሊት የሚያክ ከሆነ ክኒኑን መጠርጠር ከንቱ ነው። የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ላይ የሚነሳው ብግነትም እብጠትና የመገጣጠሚያ ሕመምን አብሮ ስለሚያመጣ ሩማቶይድን ይመስላል። ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል የአገሪቱ የቆዳ ሕክምና ማዕከል የሆነባት ኢትዮጵያ፣ ይህን መርሳት አይገባትም።

በመካከል የቆመው አልማዝ ባለጭራ ነው። ቫይረሱ በልጅነት ከያዘን ጉድፍ ተርፎ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች፣ በተለይም ስቴሮይድ ሲጨመርባቸው፣ የመከላከል አቅምን ስለሚያዳክሙ ይነሳል። በአንድ ወገን ብቻ፣ እንደ መቀነት መስመር ይዞ፣ ውኃ ቋጥሮ ይወጣል፤ ሕመሙ ከሽፍታው በፊት ይጀምራል። የፀረ ቫይረሱ ክኒን በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው። እኛ ግን እነዚያን ሦስት ቀናት ብዙውን ጊዜ የምናሳልፋቸው ቅጠልና ቅባት ፍለጋ ነው።

## የተጣለው ክኒን

ወደ ወረፋው ልመለስ፤ እንጀራ ጋጋሪዋ መድኃኒቷን ከተወች በኋላ ምን አደረገች? እጇ ሲያብጥ ሥራ መቅረት አልቻለችም። ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዴክሳሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ ገዛች። በሁለት ቀን ውስጥ እጇ ተፈታ። «ተአምር ነበር» ትላለች። ወራት ሲያልፉ ፊቷ ተነፋ፣ ቆዳዋ ሳሳ፣ ትንሽ ነገር ሲነካት ይበልዝ ጀመር። አሁን ወደ ክትትሉ የተመለሰችው የሁለት ጣቶቿ አንጓ ከተጎዳ በኋላ ነው።

የሩማቶሎጂ ሐኪሞች በአገሪቱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚሠሩት አዲስ አበባ ነው። ከመካከላቸው አንዱ እንዲህ ዓይነት ታሪክ በየሳምንቱ እንደሚሰማ ነግሮኛል። «በሽፍታ ምክንያት ከተጎዱት ይልቅ ሽፍታውን ፈርተው መድኃኒት በማቋረጣቸው የተጎዱትን ነው በብዛት የማየው» ይላል። አብዛኛው ቀላል ሽፍታ መጠን በመቀነስ፣ ለጥቂት ቀን በማቆም፣ ወይም ወደ ሌላ መድኃኒት በመቀየር ይፈታል። ጠበል ለመግባት ብለው ክኒናቸውን ቤት ትተው የሚሄዱትንም አይቆጣም። «ጠበሉንም ይጠመቁ፣ ክኒኑንም ይያዙ» ይላቸዋል፤ ብዙ የንስሐ አባቶችም ይህንኑ ይመክራሉ።

ስቴሮይድን በሚመለከት ደግሞ ማስጠንቀቂያው ከዚህም ይጠብቃል። ፕሬድኒሶሎንን ወይም ዴክሳሜታሶንን ለሳምንታት የወሰደ ሰው፣ ሽፍታ ስለወጣበት ብቻ በራሱ ውሳኔ በአንድ ጊዜ ሊያቆመው አይገባም። ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሞ ስለሚቆይ፣ ድንገት ማቋረጥ ራስን ያስታል፤ ሕይወትንም ያሳጣል። የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው።

ቆዳ ላይ የሚወጣ ነገር ከሕመሙ ሌላ ማኅበራዊ ሸክም አለው። ሰላምታ የሚሸሹ፣ ከገበታ የሚርቁ፣ በበጋ ረጅም እጅጌ የሚለብሱ አሉ። የመድኃኒት ሽፍታ በእጅ መጨባበጥም ሆነ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ይህን ለታማሚዋ ብቻ ሳይሆን ለባሏ፣ ለልጆቿ፣ ለጎረቤቶቿም መንገር ያስፈልጋል።

## ሽፍታውን ማን ይመዝግበው?

የሜቶትሬክሴት ክኒን በሚሰጥበት መስኮት ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨመር ብዙ እጅ ይተርፋል ብዬ አምናለሁ፦ «ቆዳዎ ላይ አዲስ ነገር ካዩ ቀጣዩን ከመዋጥዎ በፊት ይደውሉልን። አፍዎ ወይም ዓይንዎ ከቆሰለ፣ ቆዳዎ ካመመ ወይም ከተላጠ በዚያኑ ቀን ይምጡ።» ክሊኒኮችም የሚደወልበት አንድ ስልክ ይኑራቸው። በሦስት ወር አንዴ የሚመጣ ቀጠሮ በሁለተኛው ሳምንት ለሚወጣ ሽፍታ አይደርስለትም።

ታማሚውም የሚያደርገው አለ። ሽፍታው በወጣበት ቀን በስልክ፣ በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሱት፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ ሊጠፋ ይችላልና። ክኒኖቹን ሁሉ፣ የቅጠሉንም መድኃኒት ሳይደብቁ ይዘው ይሂዱ። አንድ መድኃኒት ከባድ ሽፍታ እንዳመጣብዎ ከተረጋገጠ የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት የአለርጂ ካርድ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ካርዱን ከመታወቂያዎ ጋር ያኑሩት፤ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሐኪም እጅ ያው መድኃኒት ዳግመኛ እንዳይሰጥዎ የሚጠብቅዎ እሱ ነው።

በአገራችን የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት የሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽ አለ። ሐኪሙ፣ ነርሷ ወይም ፋርማሲስቷ ሞልተው ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይልኩታል። ታማሚው ራሱም በባለሥልጣኑ ነጻ የስልክ መስመር ማሳወቅ ይችላል፤ ቁጥሩ 8482 ነው።